የጓሮ አፈር እርጥበት በራሱ የሚመዘግብ ዳታሎገር ስሠራ የገጠመኝ

ቤታችን ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ሲወረድ ነው። ጓሯችን ውስጥ ሦስት መደብ አለ፤ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ። የእናቴ ናቸው። ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ነው። በሁለቱ ቀን ሮቶው ይሞላል። ከዚያ በኋላ ያለው ውሃ ለወጥ፣ ለልብስ፣ ለገላና ለጎመን ይከፋፈላል። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ በየማታው አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ ጎመኑ ዛሬ ይጠጣ ወይስ ይደር?

እናቴ አፈሩን ጨበጥ አድርጋ ትወስናለች። እጇ ልምድ አለው። ግን እጅ የሚደርሰው ላይ ላዩን ነው። ሥሩ ጋ፣ ወደ ታች 30 ሴንቲሜትር ላይ ምን እንዳለ ማንም አያይም። ይህን ለማወቅ ነው በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ዳታሎገር ልሥራ ብዬ የተነሳሁት። ሥራዬ ከኮምፒውተር ጋር ነው፤ እርሻ አልተማርኩም። ኮዱ በሁለት ማታ አለቀ። ቀሪው ጊዜ የሄደው ቁጥሩን ለማመን የሚያበቃ ነገር በመፈለግ ነው። ለእናንተም የሚጠቅመው ይኸኛው ይመስለኛል።

ዕቃው ቀላል ነው። አንድ አርዱዪኖ ኡኖ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ)፣ ዲኤስ3231 የሚባል የሰዓት ሞጁል፣ የኤስዲ ካርድ ሞጁል፣ እና ካፓሲቲቭ የሚባሉት ጠፍጣፋ የአፈር እርጥበት ሴንሰሮች። ሁለት ሹል እግር ያላቸውን፣ ኤሌክትሪክ በአፈሩ ውስጥ አሳልፈው የሚለኩትን ርካሾቹን አትግዙ። እርጥብ አፈር ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍባቸው ብረቱ ይበላል። በጥቂት ሳምንት ውስጥ የሚለኩት አፈሩን ሳይሆን የራሳቸውን ዝገት ይሆናል።

ካፓሲቲቮቹም ቢሆኑ ሁሉም አንድ አይደሉም። ከገዛኋቸው ስድስት ውስጥ ሁለቱ ችግር ነበረባቸው። ሱቅ ስትሄዱ ቴስተር ይዛችሁ ሂዱ። በውጤት ፒኑና በግራውንዱ መካከል ያለውን ሬዚስታንስ ለኩ። ወደ 1 ሜጋኦም መሆን አለበት። ቴስተሩ ምንም ካላሳየ ያ ሬዚስተር ከግራውንድ ጋር አልተገናኘም ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሴንሰር ከውሃ አውጥታችሁት እንኳ ቁጥሩን ለመቀየር ደቂቃዎች ይወስድበታል። ሌላው የሚታየው ትንሿ ጥቁር ቺፕ ናት። ላይዋ ቲኤልሲ555 የሚል ካለ ጥሩ ነው። ኤንኢ555 ከሆነ ግን ይቅርባችሁ። ያ ቺፕ ቢያንስ 4.5 ቮልት ይፈልጋል፤ ሴንሰሩ ላይ ያለው ሬጉሌተር (ቮልቴጁን የሚያስተካክለው) የሚሰጠው ደግሞ 3.3 ነው። ባለሱቁ ሲፈተሽ ደስ ላይለው ይችላል። በትህትና ጠይቁት፤ የእኔው ፈቅዶልኛል።

ከመቅበራችሁ በፊት የሴንሰሩን ራስ፣ ማለትም ቺፖቹ ያሉበትን ክፍልና የቦርዱን ጠርዝ ዙሪያውን ሸፍኑ። እኔ የእህቴን የጥፍር ቀለም ሦስት ጊዜ ደራርቤ ቀባሁት፤ ከላይ ደግሞ በሙቀት የሚኮማተር ፕላስቲክ አለበስኩት። ጠርዙን ሳልቀባ የቀበርኩት የመጀመሪያው ሴንሰር ውሃ በጠርዙ ገብቶበት በሦስተኛው ሳምንት ቁጥሩ መዋዠቅ ጀመረ።

ስለ ኮዱ ብዙ አልልም፤ ሐሳቡ አጭር ነው። በየ15 ደቂቃው ይነቃል። ሴንሰሩን ኤሌክትሪክ የሚመግበው ከዲጂታል ፒን ነው፤ ሴንሰሩ የሚስበው ጥቂት ሚሊአምፔር ብቻ ስለሆነ ፒኑ ይችለዋል። ፒኑን ይከፍትና ግማሽ ሰከንድ ይጠብቃል። 11 ጊዜ ያነባል። በቅደም ተከተል ይደረድራቸውና መካከለኛውን ይወስዳል። አማካይ አልወስድም፤ አንድ የተሳሳተ ንባብ አማካዩን ይጎትተዋል፣ መካከለኛውን ግን አይነካውም። ከዚያ ቀንና ሰዓት፣ የሁለቱ ሴንሰሮች (አንዱ 10፣ ሌላው 30 ሴንቲሜትር ላይ የሚቀበሩት) ቁጥር፣ የሙቀት መጠንና የባትሪ ቮልቴጅ በአንድ መስመር ካርዱ ላይ ይጻፋሉ። በቀን 96 መስመር ይሆናል።

ፋይሉን ግን ከእያንዳንዱ መስመር በኋላ ዝጉት። ይህን ሳላደርግ አራት ቀን ሙሉ ጠፍቶብኛል። ፋይሉን አንዴ ከፍቼ እዚያው ላይ እየጻፍኩ ነበር። መብራት ሲጠፋ ካርዱ ላይ ገና ያልሰፈረው ሁሉ አብሮ ሄደ። የፋይሉ ስምም ከስምንት ፊደል አይብለጥ፤ የአርዱዪኖ ኤስዲ ላይብረሪ (ለካርዱ ተዘጋጅቶ የሚመጣው ኮድ) ረጅም ስም አይቀበልም።

አሁን ብዙ ጊዜ ወደበላብኝ ነገር ልምጣ። ሰዓት ነው።

ኮዱን ለመጀመሪያ ጊዜ የጫንኩት የኅዳር ሚካኤል ዕለት ማታ ነበር። ኅዳር 12። ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻ እያቃጠለ ጭሱ ቤት ድረስ ገብቷል። ፋይሉ ላይ 2024-11-21፣ 19:40 ይላል። ሁሉም ነገር ሠራ። በሣምንቱ ካርዱን አውጥቼ ሳየው ግን ያው ቀን፣ ያው 19:40 ሦስት ቦታ ተጽፏል። በመካከሉ ያለው መስመር በትክክል ይሄድና ድንገት ወደ ሚካኤል ማታ ይመለሳል።

መጀመሪያ የሰዓት ሞጁሉን ባትሪ ጠረጠርኩ። ቀየርኩት። አልተፈታም። ስህተቱ ከኮዱ ነበር። ከሰዓቱ ላይብረሪ ጋር አብሮ በሚመጣው ምሳሌ ውስጥ ሰዓቱን የሚሞላ አንድ መስመር አለ። ያ መስመር የሚሞላው ኮዱ ላፕቶፕ ላይ የተዘጋጀበትን ሰዓት ነው። እኔ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ሰቱፕ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ሰቱፕ ደግሞ አርዱዪኖው በተነሳ ቁጥር ይሠራል። ስለዚህ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ሚካኤል ማታ ይመለሳል። መብራት በማይጠፋበት አገር ያለ ሰው ይህን ስህተት ለወራት ላያየው ይችላል። እኛ ጋ በአንድ ሣምንት ሦስት ጊዜ ታየ።

መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ ሞጁሉን መጀመሪያ "ኃይል አጥተህ ነበር ወይ?" ብላችሁ ጠይቁትና አዎ ካለ ብቻ ሙሉት፤ ላይብረሪው ሎስትፓወር የሚል ትእዛዝ አለው። ወይም ደግሞ አንዴ ሞልታችሁ ያን መስመር አጥፉትና ኮዱን እንደገና ጫኑ። ዲኤስ3231 ትንሽ ባትሪ የተሰጠው ለዚሁ ነው፤ መብራት ቢጠፋም ሰዓቱን ይዞ ይቆያል። በዓመት የሚሳሳተውም አንድ ደቂቃ ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ስለዚያች ባትሪ አንድ ጥንቃቄ አለ። በብዛት የሚሸጠው ሰማያዊ ሞጁል ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርግ መስመር አለው። እኛ ከሱቅ የምንገዛው ክብ ባትሪ፣ ሲአር2032፣ ግን ቻርጅ የሚደረግ ዓይነት አይደለም። ሊያብጥ፣ ሊፈነዳም ይችላል። ከዳዮዷ አጠገብ ያለችውን 201 የሚል የተጻፈባትን ሬዚስተር በካውያ አንሱ። መስመሩ ይቋረጣል፣ ሰዓቱ ግን መሥራቱን ይቀጥላል።

ሁለተኛው የሰዓት ስህተት ከኮድ ጋር ግንኙነት የለውም። እናቴ ውሃ ያጠጣችበትን ሰዓት በደብተር ትጽፍልኝ ነበር። "ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ሁለት ባልዲ።" እኔ ደብተሩን ወደ ኤክሴል ስገለብጥ 1:00 ብዬ ጻፍኩ። በዚያን ጊዜ የተቀበረው ሴንሰር አንድ ብቻ ነው፤ 30 ሴንቲሜትር ላይ ያለው። ግራፉን ሳወጣ ውሃው ከተጠጣ ከስድስት ሰዓት በኋላ እርጥበቱ ይጨምራል። በየጊዜው ስድስት ሰዓት። እንደ ጓሯችን ያለ መረሬ (ጥቁር ሸክላ) አፈር ውሃ ቀስ ብሎ እንደሚያሳልፍ አንብቤ ስለነበር አመንኩት። እንዲያውም ለእናቴ "ውሃው ሥሩ ጋ ለመድረስ ስድስት ሰዓት ይፈጅበታል" ብዬ ነገርኳት።

እሷ ናት የያዘችው። "አንድ ሰዓት ያልኩህ እኮ የጠዋቱን ነው። ያንተ ማሽን በፈረንጅ አቆጣጠር አይደለም እንዴ የሚቆጥረው?" አለችኝ። ልክ ነበረች። ጠዋት 1 ሰዓት ፋይሉ ላይ 07:00 ነው። ውሃው የሚወርደው በስድስት ሰዓት ሳይሆን በደቂቃዎች ነበር። ምክንያቱንም በኋላ አገኘሁት፤ አፈሩ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ውሃው በስንጥቁ በኩል በቀጥታ ወደ ታች ይገባል።

ከዚያ ወዲህ ደብተሩ ላይ እሷ በለመደችው ሰዓት ትጽፋለች፤ እኔ ስገለብጥ ስድስት እጨምራለሁ። ሰውን ወደ ማሽን ሰዓት ማስገደድ ልክ አይመስለኝም፤ ስህተት የሚበዛው ያኔ ነው። ማታና ሌሊት ላይ ግን ተጠንቀቁ። "ማክሰኞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ዘነበ" የሚል ሰው ፋይሉ ላይ ረቡዕ 02:00 ያለውን ማለቱ ሊሆን ይችላል። ጠይቁ። ቀኑንም ማሽኑ ውስጥ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ለመቀየር አትድከሙ። የሰዓት ሞጁሉ ጳጉሜን አያውቅም። በፈረንጅ ይመዝግብና ግራፍ ስትሠሩ ኮምፒውተር ላይ ቀይሩት።

ቀጥሎ የቁጥሩ ትርጉም ነው። ሴንሰሩ የሚሰጠው በመቶኛ አይደለም። የእኔው በአየር ላይ 868፣ ውሃ ውስጥ 421 ያነባል። ብዙ ሰው አየሩን 0 በመቶ፣ ውሃውን 100 በመቶ ብሎ በመካከሉ ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራል። እኔም እንደዚያ ነው የጀመርኩት። ጎመኑ "68 በመቶ" እርጥበት አለው ብሎ ሲያሳየኝ ደስ አለኝ። ግን ምንም አፈር 68 በመቶ የሚሆን ክፍት ቦታ እንዲያው በቀላሉ አይኖረውም። ቁጥሩ ትርጉም አልነበረውም።

እንዲህ አደረግኩ። 400 ሚሊሊትር የሚይዝ ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ ሁለቱንም ጫፍ ቆርጬ ወደ መደቡ በቀስታ ገፋሁትና አፈሩን ሳይነካካ አወጣሁት። በወጥ ቤት ሚዛን መዘንኩት፤ ያለ ቆርቆሮው 628 ግራም። ከዚያ ኦቨን ውስጥ በ105 ዲግሪ ለ24 ሰዓት አደረቅኩት። እናቴ አፈር ኦቨኗ ውስጥ መግባቱን አልወደደችውም፤ ቅዳሜ አድርገው፣ ከዚያም አጽዳው በሚል ስምምነት ፈቀደች። ሲደርቅ 492 ግራም ሆነ። ልዩነቱ 136 ግራም ውሃ ነው። አንድ ግራም ውሃ አንድ ሚሊሊትር ስለሆነ 136ን ለ400 ሳካፍል 34 በመቶ አገኘሁ። ይህ በይዘት ነው። በክብደት ካሰባችሁት 136 ለ492፣ ማለትም 28 በመቶ ገደማ ይሆናል። ሁለቱን አታምታቱ። መጻሕፍት የመስኖ ቁጥር የሚሰጡት በአብዛኛው በይዘት ነው።

በዚሁ ስሌት የአፈሩ ጥግግት ታወቀ፤ በሚሊሊትር 1.23 ግራም። ከዚያ አምስት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ከአንገታቸው ቆረጥኩ። በእያንዳንዱ ላይ 1500 ሚሊሊትር የሚደርስበትን ምልክት አደረግኩ። አድርቄ የፈጨሁትን አፈር 1845 ግራም ለእያንዳንዱ መዘንኩ። አንዱን ደረቅ ተውኩት። ለሌሎቹ 150፣ 300፣ 450 እና 600 ሚሊሊትር ውሃ ጨምሬ አሸሁ፤ 10፣ 20፣ 30 እና 40 በመቶ ማለት ነው። እስከ ምልክቱ ጠቅጥቄ፣ በፌስታል አስሬ አሳደርኳቸው። ጠዋት ሴንሰሩን በየተራ አስገባሁ። 812፣ 748፣ 655፣ 566፣ 512 አነበበ።

ተመልከቱ። 30 በመቶ ላይ ያነበበው 566 ነው። ይህ ቁጥር በአየርና በውሃ መስመር ሲሰላ ነው 68 በመቶ የሚሆነው። በእጥፍ የበለጠ ስህተት። መስመሩም ቀጥ ያለ አይደለም፤ ጫፎቹ ላይ ይለዝባል። እኔ አምስቱን ነጥብ በኮዱ ውስጥ አስገብቼ በሁለት ነጥብ መካከል ብቻ እንዲያሰላ አደረግኩት። የእኔን ቁጥሮች ግን አትገልብጡ። የእናንተ አፈር ሌላ ነው፣ ሴንሰራችሁም ሌላ ነው። እኔ ጋ እንኳ ሁለቱ ሴንሰሮች በአንድ ሃይላንድ ውስጥ በ20 ቁጥር ይለያያሉ። ለእያንዳንዱ ለብቻው አድርጉ።

አቀባበሩም ወሳኝ ነው። መረሬ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በሴንሰሩ ጎን ካለፈ ሴንሰሩ የሚለካው አየር ነው። ጥር ላይ የ10 ሴንቲሜትሩ በአንድ ከሰዓት ከ27 ወደ 14 በመቶ ወረደ። ቆፍሬ ሳየው ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ነበር። አሁን ስቀብር መጀመሪያ ጉድጓድ እቆፍርና በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ በቢላ ቀጭን ስንጥቅ እሠራለሁ። ከዚያው አፈር ቀጭን ጭቃ አቡክቼ ሴንሰሩን ቀብቼ በአግድም አስገባዋለሁ። ጠፍጣፋው ፊት ወደ ጎን፣ ጠርዙ ወደ ላይ ይሁን፤ አለበለዚያ ውሃ ላዩ ላይ ይቆማል። በመዶሻ አትምቱት። ከቀበራችሁ በኋላ ለአንድ ሣምንት የሚመጣውን ቁጥር አትመኑ፤ አፈሩ ተመልሶ ይርጋ።

አንድ ነገር ደግሞ ለሁለት ሣምንት አሳስቶኛል። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የላይኛው ቁጥር ከፍ ዝቅ ይላል። ተክሉ ውሃ ሲጠጣ አየሁ ብዬ ነበር። ጥርጣሬ ሲገባኝ ያንኑ አፈር ቆርቆሮ ውስጥ ሞልቼ፣ ሴንሰር ከትቼ፣ አፉን በፕላስቲክ አሽጌ ከመደቡ አጠገብ ቀበርኩት። ከዚያ ቆርቆሮ ውሃ መውጫ የለውም። ግን እሱም በየቀኑ ያንኑ ማዕበል አሳየ። ሙቀት ነው። የአዲስ አበባ የበጋ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ሴንሰሩ ይህን ይሰማዋል። አሁን ቀንን ከቀን የማወዳድረው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ባለው ንባብ ብቻ ነው።

ኃይልን በተመለከተ፣ ፓወር ባንክ አትሞክሩ። ብዙዎቹ የሚሳበው ኤሌክትሪክ ትንሽ ከሆነ "ስልኩ ሞልቷል" ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ። የእኔው በየሌሊቱ ጠፍቶ አድሯል። አሁን የምጠቀመው ከአሮጌ ዩፒኤስ የወጣ የ12 ቮልት ባትሪ ነው። ቻርጀሩ ሁልጊዜ ተሰክቶ ይሞላዋል፤ ወደ 5 ቮልት የሚያወርድ ትንሽ ሞጁል ደግሞ አርዱዪኖውን ይመግባል። መብራት ሁለት ቀን ቢጠፋም አይቋረጥም።

ነገር ግን የ5 ቮልቱ መስመር ትንሽ ዝቅ ካለ ንባቡም ይቀየራል፤ አርዱዪኖ የሚያነበው ከራሱ ቮልቴጅ ጋር እያነጻጸረ ስለሆነ። ለዚህ የ3.3 ቮልቱን ፒን ከኤሬፍ ፒን (የማነጻጸሪያ ቮልቴጅ ከሚገባበት) ጋር አገናኝቼ፣ ኮዱ ላይ ማነጻጸሪያው የውጭ ነው ብዬ አስታወቅኩት። ይህ ትእዛዝ ከመጀመሪያው ንባብ በፊት መምጣት አለበት፤ ከዘገየ ቺፑ ሊጎዳ ይችላል። ይህን የምታደርጉት ግን ካሊብሬሽን (የሃይላንዱን ልኬት) ከመሥራታችሁ በፊት ይሁን። እኔ በኋላ ስላደረግኩት አምስቱን ሃይላንድ እንደገና ማዘጋጀት ነበረብኝ።

ከየካቲት ጀምሮ ቁጥሩን ማመን ጀመርኩ። ያን ጊዜ ነው ጠቃሚው ነገር የታየው። እናቴ በየማታው አንድ አንድ ባልዲ ታጠጣ ነበር። የ10 ሴንቲሜትሩ ሴንሰር በየማታው ይዘላል፣ በማግስቱ ከሰዓት ይወርዳል። የ30ው ግን አንዴ ስንጥቁ ከተደፈነ ወዲህ ንቅንቅ አላለም፤ በሦስት ሳምንት ከ31 ወደ 25 ወረደ። በፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት) የመስኖ መመሪያ ላይ ሸክላ አፈር ውሃ ጠጥቶ ትርፉ ከሰረገ በኋላ የሚይዘው ከ32 እስከ 40 በመቶ ነው፤ ተክል ጨርሶ የሚጠወልግበት ደግሞ ከ20 እስከ 24። ጎመኑ ላዩ እየረጠበ ሥሩ ጋ ወደ ድርቀት እየሄደ ነበር።

ግራፉን አሳየኋት። ዝም ብላ አየችውና "እንግዲያው ውሃ በሚመጣበት ቀን ነው ማጥገብ" አለች። በየማታው አንድ ባልዲ ማጠጣቱን ትታ ውሃ በሚመጣባቸው ሁለት ቀናት ሦስት ሦስት ባልዲ፣ ቀስ እያለች፣ ከላይ ሣር ጎዝጉዛ ማጠጣት ጀመረች። በሳምንት ሰባት የነበረው ባልዲ ስድስት ሆነ። የ30 ሴንቲሜትሩ በአሥር ቀን ወደ 33 ተመለሰ። በሣሩ ምክንያት ስንጥቁም ቀነሰ።

የእጇን ልምድም ለካሁት። ለአንድ ወር ያህል፣ ቁጥሩን ሳልነግራት፣ 10 ሴንቲሜትር ቆፍራ ጨብጣ "ደረቅ"፣ "ደህና" ወይም "ጠግቧል" እንድትል ጠየቅኳት። ከ26 በታች የሆነውን ሁሉ ደረቅ አለች። ከ34 በላይ ያለውን ጠግቧል። የተሳሳተችበት ቀን አንድ ብቻ ነው፤ በማግስቱ ደግሞ ያ ሴንሰር ገመዱ ተበጥሶ አገኘሁት።

አሁን ሐምሌ ነው። የ30ው ሴንሰር 39 በመቶ ላይ ቆሟል፤ ባልዲው ተደፍቶ ተቀምጧል። ሣጥኑን ከመሬት ከፍ አድርጌ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ገመዶቹም ከታች በኩል እንዲገቡ አድርጌያለሁ፣ ዝናቡ ገመዱን ተከትሎ እንዳይገባ። መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያቆም አፈሩ በስንት ቀን ወደ 30 እንደሚወርድ ማየት እፈልጋለሁ። እናቴ በሃያ ቀን ትላለች። ደብተሩ ላይ ጽፌዋለሁ።